የሆኪው የ1954–55 የውድድር ዓመት፦ ስለ ሞሪስ ሪቻርድ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ካናዳው የበረዶ ሆኪ ቡድን ሞንትሪያል ካናዲየንስ ስጽፍ፣ አጥቂው ሞሪስ ሪቻርድ ተቀጥቶ ከተማው የታወከበትን 1954–55ን «የረብሻው ዓመት» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር። ብዙዎቻችሁ «እሱንማ በደንብ ንገረን» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። እውነታችሁን ነው፣ በአንድ መስመር የሚታለፍ አይደለም። ከጥያቄዎቹ የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሆኪ ብዙም አላውቅም። ያኔ ሊጉ (የሰሜን አሜሪካው NHL) ምን ይመስል ነበር?

ስድስት ቡድን ብቻ ነበር። ከካናዳ ሞንትሪያልና ቶሮንቶ፣ ከአሜሪካ ዲትሮይት፣ ቦስተን፣ ኒውዮርክና ቺካጎ። እያንዳንዱ ቡድን 70 ጨዋታ ይጫወታል። ስታካፍሉት አንዱን ተጋጣሚ በዓመት 14 ጊዜ ታገኙታላችሁ ማለት ነው። ዛሬ ፊትህን በዱላ የመታህን ሰውዬ በሚቀጥለው ሳምንት መልሰህ ታገኘዋለህ። ቂም የሚበርድበት ጊዜ የለም። ይህን ካልያዛችሁ የቀረው ታሪክ አይገባችሁም።

ሪቻርድ ይህን ያህል የተወደደው ጎል ስለሚያገባ ብቻ ነው?

ጎሉማ ጎል ነው። በ1944–45 በ50 ጨዋታ 50 ጎል አስቆጥሯል፤ ከእሱ በፊት ማንም አላደረገውም። «ሮኬቱ» ነበር የሚሉት። ግን ነገሩ ከጎል ያለፈ ነው። ሞንትሪያል ባለችበት በኩቤክ ክፍለ ሀገር ብዙኃኑ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ ፋብሪካውም ባንኩም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እጅ ነበር። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ ሲታዘዝ ይውልና ማታ ከእነሱው ሰፈር የወጣ፣ የእነሱን ቋንቋ የሚናገር ልጅ ለማንም ሳይበገር ሲጫወት ያያል። ሪቻርድ ራሱ ዝምተኛ ነበር፤ ፖለቲካ አያወራም። ሕዝቡ ግን የልቡን በእሱ ላይ ጣለ።

ቦስተን ላይ ምን ሆኖ ነው የተቀጣው?

ማርች 13 ቀን 1955 ነው። የቦስተኑ ተከላካይ ሃል ሌይኮ በዱላው የሪቻርድን ጭንቅላት መታው። ደሙ ፈሰሰ፣ በኋላም ተሰፋ። ሪቻርድ ነደደ፤ በዱላው መልሶ ደበደበው። ክሊፍ ቶምሰን የሚባለው የመስመር ዳኛ ሊይዘው ሲታገል ዳኛውንም በቡጢ ሁለት ጊዜ መታው። ለቅጣቱ ዋናው ምክንያት ይህ ነው። በዲሴምበርም ቶሮንቶ ላይ ሌላ ዳኛ ተተናኩሎ በገንዘብ ተቀጥቶ ነበር።

ታዲያ ቅጣቱ ይገባዋል ማለት ነው?

ይህን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እኔ ሪቻርድን እወደዋለሁ። ግን ዳኛ ተመትቶ በዝምታ አይታለፍም። መቀጣት ነበረበት።

የሊጉ ፕሬዚዳንት ክላረንስ ካምቤል ማርች 16 የቀሩትን የመደበኛ ጨዋታዎች በሙሉ፣ ከዚያም አልፎ ጥሎ ማለፉን በሙሉ አገደው። ሕዝቡን ያንገበገበው ይሄ «በሙሉ» የሚለው ነው። ቡድኑ ከዲትሮይት ጋር አንገት ለአንገት ተያይዟል፣ ሪቻርድ ደግሞ በተጫዋቾች ነጥብ (ያገባው ጎልና ለጎል ያቀበለው ሲደመር) ይመራል። በዚያ ላይ ሪቻርድና ካምቤል የቆየ ጠብ ነበራቸው። ሪቻርድ በ1954 መጀመሪያ በጋዜጣ ዓምዱ ካምቤልን አምባገነን ብሎት፣ ዓምዱን እንዲያቆም ተደርጎ 1,000 ዶላር ዋስትና አስይዟል። ስለዚህ ሰው ፍርዱን ሲሰማ ዳኛ አልታየውም፣ ቂመኛ አለቃ ነው የታየው። ለእኔ የካምቤል ስህተት ቅጣቱ ሳይሆን በማግስቱ ማታ ያደረገው ነው።

በማግስቱ ምን አደረገ?

ማርች 17 ቀን፣ በእኛ መጋቢት 8 ቀን 1947 መሆኑ ነው፣ ሞንትሪያል በፎረም አዳራሽ ዲትሮይትን ያስተናግዳል። ካምቤል እንደሚመጣ አስቀድሞ አሳወቀ። መጣም። ያውም ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ፣ ሞንትሪያል እየተመራ፣ ሰው ሁሉ እያየው ከጸሐፊው ጋር ገብቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ያገኙትን ሁሉ ወረወሩበት። ሰውየው ከወንበሩ አልተነሳም። አንድ ወጣት ሊጨብጠው የመጣ መስሎ እጁን ዘረጋና በጥፊ አላጋው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ውጤቱ ዲትሮይት 4፣ ሞንትሪያል 1 ነበር። ወዲያው አስለቃሽ ጭስ ፈነዳ። አዳራሹ በሳልና በጩኸት ተሞላ፣ ሰው ዓይኑን እያሻሸ ወደ በሩ ተግተለተለ። የእሳት አደጋ ኃላፊው አዳራሹ ባዶ ይሁን አለ። ጨዋታው በፎርፌ ለዲትሮይት ተሰጠ።

ከውስጥ የወጣው ሕዝብ ደጅ ከሚጠብቀው ጋር ተቀላቀለ። በሴንት ካትሪን ጎዳና የሱቅ መስታወት ሲረግፍ፣ ሱቅ ሲዘረፍ አመሸ። እስኪበርድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል።

በማግስቱ ሪቻርድ በሬዲዮ ቀረበ። ቅጣቱን እንደሚቀበል፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ዋንጫ ለማምጣት እንደሚረዳ ተናገረ፤ ሕዝቡም እንዲረጋጋ ለመነ። ከተማው ጸጥ አለ። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብትሉኝ ይህን ነው የምነግራችሁ። የተቀጣው እሱ፣ ያረጋጋውም እሱ።

የነጥብ ፉክክሩስ እንዴት ተጠናቀቀ?

ይሄ ነው እኔን የሚያመኝ። በርናርድ ጄፍሪዮን፣ የገዛ ቡድን ጓደኛው፣ በ75 ነጥብ አንደኛ ወጣ። ሪቻርድ 74። ሦስተኛውም ከዚያው ቤት ነው፣ ዣን ቤሊቮ በ73። ጄፍሪዮንና ሪቻርድ እኩል 38 ጎል ነበራቸው። የለያቸው አንዲት አሲስት፣ ማለትም ለጎል የበቃች አንዲት ማቀበል ናት።

ጄፍሪዮን ምን ያድርግ? ቡድኑ ነጥብ ይፈልጋል፣ አጥቂ ሆኖ ፓኳን (የሆኪዋን ጠፍጣፋ ጎማ) አልመታም አይል። የራሱ ደጋፊ ግን «ሪቻርድ ታግዶ ሳለ አለፍከው» ብሎ በራሱ ሜዳ ጮኸበት፣ «ከሃዲ» እስኪመስል ድረስ። ያለ ጥፋቱ። በ1960–61 በአንድ የውድድር ዓመት 50 ጎል ያገባ ሁለተኛው ሰው ሲሆን የመጀመሪያው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ።

ሪቻርድ በኋላ የነጥብ አንደኝነቱን አገኘው?

በጭራሽ። በ1960 ሲያቆም 544 ጎል ነበረው፣ ያቺ ማዕረግ ግን አልነበረችውም።

ዋንጫውን ማን ወሰደ?

ዲትሮይት። መደበኛውን በ95 ነጥብ ለ93 ጨረሰ። በፍጻሜውም ሞንትሪያልን 4 ለ 3 አሸነፈ። ሰባቱንም ጨዋታ ባለሜዳው ነው ያሸነፈው። ሰባተኛው ደግሞ ዲትሮይት ላይ ነበር፣ 3 ለ 1 አለቀ። የዲትሮይቱ አጥቂ ጎርዲ ሃው በዚያ ጥሎ ማለፍ 20 ነጥብ ሰብስቧል። ሪቻርድ ቢኖር ውጤቱ ይለወጥ ነበር? እኔ ይለወጥ ነበር ባይ ነኝ፤ ከሜዳ ውጪ አንዷን ጨዋታ ብቻ መስረቅ ነበር የሚያስፈልጋቸው። ዲትሮይት ቀጣዩን ዋንጫ ያየው በ1997 ነው። ሞንትሪያል ግን ከ1956 እስከ 1960 አምስቱንም ተከታትሎ ወሰደ።

በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና የመጣው በዚያ ዓመት ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

አዎ። ዛምቦኒ በሊጉ ጨዋታ ላይ የታየው በዚያው ማርች፣ በዚያው ፎረም ነው፤ ረብሻው ሊነሳ ሳምንት ሲቀረው።

ሰዉ ሪቻርድን እስከ መጨረሻው አልረሳውም?

በ1996 ፎረም ሲዘጋ የድሮ ተጫዋቾች ተራ በተራ ተጠሩ። ሪቻርድ ሲጠራ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ያጨበጭብ ጀመር። አልቆመም። ሰውየው 74 ዓመቱ ነው። እጁን አንስቶ «በቃ» ሊላቸው ሞከረ፣ እነሱ ጭብጨባውን ባሱበት። እሱም ዝም ብሎ ቆሞ አለቀሰ።