በጀት ቢጨመር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ችግር ይፈታል ወይ? (መልስ)

ወንድሜ፣ «በጀት ቢጨመር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ችግር ይፈታል ወይ?» ላልከው፣ በከፊል አዎ። ገንዘቡ የግድ ነው። አብዛኛው በጀት ደመወዝ ላይ ስለሚያልቅ ለቤተ ሙከራ፣ ለመጽሐፍና ለጥገና የሚተርፈው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቺዮን ከተማ በተካሄደው የዓለም የትምህርት ጉባኤ በወጣው መግለጫ አገሮች ቢያንስ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን የመንግሥት ወጪ ለትምህርት እንዲመድቡ አቅጣጫ ተቀምጦ ነበር።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመምህሩ ነገር ነው። ዩኔስኮ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን ያስፈልጓታል ይላል፤ ከነዚህም የሚበዙት ለሁለተኛ ደረጃ ናቸው። እዚህ ደረጃ ላይ ደግሞ ሰው በሰው መተካት ከባድ ነው። የፊዚክስ መምህር ሲለቅ የታሪክ መምህሩን «ለጊዜው ያዝልን» ይሉታል፣ ያ ጊዜያዊ ነገር ዓመቱን ሙሉ ይቆያል፣ ልጆቹም መሠረቱን ሳይዙ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋሉ። ፊዚክስ ወይም ሒሳብ የተማረ ሰው ሌላ ቦታ የተሻለ ከተከፈለው ለምን ይቆያል? ደመወዝ ብቻም አይደለም፤ የተጨናነቀ ክፍልና የማያልቅ ወረቀት ሥራም ሰው ያባርራል።

የትምህርት ቤቶችን ተጠያቂነት በተመለከተ ደግሞ፣ በፈተና ውጤት ብቻ መለካት አደገኛ ነው። ትምህርት ቤቱ ማስተማሩን ትቶ ፈተና ማስጠናት ይጀምራል፣ ደከም ያሉ ተማሪዎችም ይገፋሉ። በጀቱ ስንት እንደሆነና ምን ላይ እንደዋለ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ወላጆች አይተው ይጠይቁ። ርዕሰ መምህሩም ሲጠየቅ፣ መምህር የመቅጠርም ሆነ ገንዘብ የማዘዋወር ሥልጣን ነበረው ወይ የሚለው አብሮ ይታይለት።