ለጥምቀት ጎንደር ስትገቡ እግራችሁን አደራ

ስኳር ይዟችሁ እግራችሁ መደንዘዝ የጀመረ፣ ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ቤት ለመግባት ያሰባችሁ የጎንደር ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ከዓመታት በፊት ታቦት አጅቤ ከጃንተከል እስከ ፋሲል መዋኛ ወረድኩ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ውስጥ እግሬ ላይ ደም ደርቋል። ከጫማዬ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወደቀች። ቀኑን ሙሉ ስረግጣት አንዴም አላመመችኝም። ቁስሉ ለመዳን ከሁለት ወር በላይ ፈጀብኝ።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል፤ ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጠቁ ከእግር ጣት ይጀምራል። ውርር ይላል፣ ሌሊት ያቃጥላል፣ ኋላ ይደነዝዛል። ማቃጠሉ ሲተወኝ «ተሻለኝ» ብዬ ነበር። ሕመሙ የጠፋው ግን ነርቩ ይበልጥ ስለሞተ ሊሆን ይችላል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም እግራችሁን ይይላችሁ፤ በቀጭን የናይለን ክር እየነካ ስሜቱን ይለካል፣ የደም ሥሩንም ምት ይዳስሳል። ለበዓል ብላችሁ አዲስ ጫማ አታድርጉ፤ የለመዳችሁትንም ቢሆን አራግፉት፣ በእጃችሁ ውስጡን ዳብሱት። ካልሲው ነጭ ይሁን፤ ደም ቶሎ ይታይበታል። ኢንሱሊናችሁን በእጅ ሻንጣ ያዙ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው፤ ሥርዓቱ ይከበር። ነገር ግን ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ጫማውንም እስከ በሩ ድረስ አታውልቁ፤ የግቢው ድንጋይ በቀትር ፀሐይ ይግላል። በባዶ እግር ለመሄድ የተሳለ ካለ ለንስሐ አባቱ ሕመሙን ይንገር። ጠበሉንም ተጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። ክፍት ቁስል ይዞ መዋኛው ውስጥ መግባት ግን አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቤት ውስጥ ያለው ነው። ገና ከመድረሳችሁ እናት ወይም አክስት ሙቅ ውሃ ይዛ እግር ልጠብ ማለቷ አይቀርም። እንቢ አትበሏት፤ ፍቅሯ ነው። ብቻ የደነዘዘ እግር ፍል ውሃ አያውቅም፤ ቆዳው ተልጦም ላይሰማችሁ ይችላል። ውሃውን በክርኗ ትለካው፣ ለብ ያለ ይሁን፣ ብዙ አይዘፍዘፍ። በጣቶቻችሁ መካከል በደንብ ታድርቅ። ቫዝሊን ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ ይቀባል እንጂ በጣት መካከል አይገባም። የጠነከረውን ቆዳ በምላጭ እንድትቆርጥላችሁ አትፍቀዱ። ቡና ሲፈላም እግራችሁን ከምድጃው አርቁ። ከታጠባችሁ በኋላ ደግሞ «ውስጥ እግሬን እዪልኝ» በሏት፤ ራሳችን ጎንበስ ብለን የማናየውን እሷ ታያለች።

ቁስል፣ መቅላት፣ ሽታ ወይም መጥቆር ከታየ ሳታድሩ ታከሙ። ቁስል ሳይኖረው ያበጠና የሞቀ እግርም እንደዚያው ነው፤ አጥንቱ እየተሰበረ ሊሆን ስለሚችል አትርገጡበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ በዓሉ እስኪያልፍ አትቆዩ።

ባለፈው ስሄድ እህቴ በየማታው በስልኳ መብራት እግሬን ታየው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከትንሿ ጣቴ ሥር ቀይ ነጥብ አገኘች። በማግስቱ ከተራ ቢሆንም ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፤ ታቦቱን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የተቀበልኩት።