ሰው የሌለባት መርከብ የማን እጅ ትፈልጋለች?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር ውስጥ በመርከብ ኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንንነት (በመርከብ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ባለሙያነት) ይሠለጥናል። ኖርዌይ ያለ ሠራተኛ የምትጓዝ መርከብ መሥራቷን ከሰማሁ ወዲህ፣ ተመርቆ ሳይቀጠር ሙያው እንዳይቀርበት እሰጋለሁ። ስጋቴ ልክ ነው?

መልስ፦ የሰሙት ስለ ያራ ቢርክላንድ ሳይሆን አይቀርም። በባትሪ የምትሠራና 120 ያህል ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮች የምትይዝ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ማዳበሪያ ከፋብሪካ ወደ ብሬቪክ ወደብ ማመላለስ ጀምራለች። ሥራ የጀመረችው ግን ሠራተኞች ይዛ ነው፤ መንገዷም አጭርና ከየብስ የማይርቅ በመሆኑ፣ ከእርሷ ተነሥቶ ሕንድ ውቅያኖስን ስለሚያቋርጡ መርከቦች መደምደም ያስቸግራል።

ለወንድምዎ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው አንድ የቆየ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1995 ሮያል ማጀስቲ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን በተነሣች በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የጂፒኤስ አንቴናዋ ገመድ ተላቀቀ። መሣሪያው ሳተላይቶቹን ሲያጣ፣ ከፍጥነቷና ከአቅጣጫዋ ብቻ እየገመተ ያለችበትን ቦታ ማሳየቱን ቀጠለ፤ ነፋስና ሞገድ ወደ ጎን ሲገፏት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ማስጠንቀቂያው ለአፍታ የተሰማ ድምፅና በማሳያው ላይ የሚነበቡ ጥቃቅን ፊደላት ነበሩ። ተረኛ መኮንን በራዳር ያየውን ተንሳፋፊ ምልክት የሚጠብቀው መስሎት አለፈው፤ ቀጣዩን ምልክት ያላየው ሌላው መኮንን ደግሞ (ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል) ለካፒቴኑ አይቼዋለሁ አለ። ከ30 ሰዓት በላይ ከተጓዘች በኋላ ከ1,500 በላይ ሰዎች እንደያዘች፣ ከመንገዷ 17 ኖቲካል ማይል ርቃ በናንታኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። የሞተ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ከዚህ አደጋ በፊትም በዓይንና በጆሮ ጭምር መጠበቅን ያዝዝ ነበር፤ ዛሬም ያዝዛል። እውነቱን ለመናገር፣ ቁጥጥሩ ወደ የብስ ጣቢያ ሲዛወር በመርከቧ ላይ የሚቆሙት መኮንኖች ሊቀንሱ ይችላሉ። ገመዱን የሚመረምር ባለሙያ ግን አብሮ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2022 አትላንቲክን ያለ ሰው ያቋረጠችው ትንሿ ሜይፍላወር እንኳ ጄነሬተሯ ሲያስቸግራት ወደ አዞረስ ደሴቶች ተጠግታ በሰው እጅ ተጠግናለች።

ስለዚህ ወንድምዎ ትምህርቱን ይቀጥል፤ ከኤሌክትሪኩ ጎን ለጎን የሴንሰርና የኮምፒውተር ኔትወርክ ሥራ ቢጨምርበት ደግሞ የብስ ላይ ባሉት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎችም ሊሠራ ይችላል።