«ያድናል» ስንል ማደን ነው ወይስ ማዳን?

ጥያቄ፦ ስለ ባለሰይፍ ዓሣ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ባለሰይፉ ዓሣ ሌሊት ወደ ላይ ወጥቶ ስኩዊድ ያድናል፤ በሰይፉም ይወጋዋል» ብዬ ጻፍኩ (ስኩዊድ ብዙ ክንድ ያለው፣ አካሉ ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነው)። ጓደኛዬ አንብቦ «ከምንድን ነው የሚያድነው?» አለኝ። እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ስንናገር ችግር የለም። «ድ» ከጠበቀ ማደን ነው፤ ከላላ ማዳን ነው። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አንበሳ ያድናል» ቢሉ ማንም አይሳሳትም፤ አንበሳን ሁሉም ያውቀዋል። ይህን ዓሣ የማያውቅ አንባቢ ግን ግር ሊለው ይችላል።

ደግነቱ፣ ሁለቱ ግሦች በኃላፊ ጊዜ ይለያያሉ፦ አደነ፣ አዳነ። ስለዚህ «እያደነ ይበላል» ወይም «ያደነውን ይበላል» ቢሉ ነገሩ ይጠራል። «አዳኝ» የሚለው ስምም ያው ችግር አለበት። አንዳንዶች በሱ ፈንታ «ሥጋ በል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ጥንብ የሚበላም ሥጋ በል ነው። ይህ ዓሣ ግን በሕይወት ያለውን አሳዶ ነው የሚይዘው። «አድኖ የሚበላ» ይበሉት።

«ይወጋዋል» የሚለውንም ቢተዉት ደስ ይለኛል። ሰይፉ ረዝሞ የወጣ የላይኛው መንጋጋው ነው፤ ጠፍጣፋና ጠርዙ ስለታም ነው። በመርከብ እንጨት ላይ ተሰክቶ የተገኘበት ጊዜ አለ። ምግቡን ሲያድን ግን በአብዛኛው ግራና ቀኝ እየወዘወዘ ይመታል፣ ይቆርጣል። ካደገ በኋላ ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ያቆሰለውን ሙሉውን ወይም ቁራጩን ይውጣል።

«ሌሊት ወደ ላይ ወጥቶ» ያሉት ግን ድንቅ ነው፤ እንዳይነኩት። ቀን ቀን ከ500 ሜትር በታች ሊወርድ ይችላል። እዚያ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል፤ ውሃውም ይቀዘቅዛል። ዓይኑ አጠገብ ያለ ልዩ ጡንቻ ግን ሙቀት እያመነጨ ዓይኑንና አንጎሉን ከውሃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ አስበልጦ ያሞቃል። የሞቀ ዓይን ፈጣን እንቅስቃሴን ቶሎ ይለያል። ቦታ ካለዎት ይህንን ይጨምሩበት፤ ጽሑፍዎን ሕያው ያደርገዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ባለሰይፉ ዓሣ ቀኑን ጥልቁ ውስጥ ይውላል። ሲመሽ ስኩዊዱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። በሰይፉ ግራና ቀኝ እየመታ፣ ያደነውን ይበላል።»