የስትራቴጂ ኃላፊ ቀን ሙሉ ምን ይሠራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ፋይናንስ ላይ ነሽ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ትልቅ አምራች ድርጅት የስትራቴጂ ምክትል ሥራ አስፈፃሚ ሁኚልን ብሎሻል። «ለመሆኑ እዚያ ወንበር ላይ ቀን ሙሉ ምን ይሠራል?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ፣ በዚሁ ሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል።

ዕቅድ መጻፉ ትንሹ ሥራ ነው። እኔም መጀመሪያ ጊዜዬን የፈጀሁት በእሱ ነበር። የአምስት ዓመት ዕቅድ፣ ባለቀለም ግራፍ፣ ቦርዱም አጨበጨበ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የእኛ ጥሬ ዕቃ፣ ያቺ ምስር የምታክል የፕላስቲክ ፍሬ፣ የምትገዛው በዶላር ነው። ዕቅዴ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ዋናው ሥራ ሰውን የሚወደውን ነገር ማስተው ነው። እኛ ቱቦ፣ ሮቶ፣ ጀሪካንና ወንበር እንሠራ ነበር። ወጪውን በየምርቱ ስንለየው ወንበር ኪሳራ ሆኖ ተገኘ። ለቱቦ የሚሆነውን ዶላር ይበላል። ግን ማን ይንካው? ፋብሪካው የተጀመረው በወንበር ነው። የምርት ኃላፊያችን ጋሼ ደግሞ የመጀመሪያውን ሞልድ፣ ያን የወንበር ቅርጽ ማውጫ ብረት፣ በእጃቸው የገጠሙ ሰው ናቸው። ስብሰባ ላይ ቁጥሩን ሳሳይ «ይሄ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወንበር ይጠላል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ስምንት ወር ፈጀ። በመሀል የቱቦው ማሽን በጥሬ ዕቃ እጦት ሦስት ሳምንት ቆመ። ጋሼ በሥራቸው ያሉት ልጆች ያለ ትርፍ ሰዓት ወደ ቤት ሲሄዱ በር ላይ ቆመው አዩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ዓሣ አብረን እንበላለን፤ እኔ ስለ ወንበር አላነሳም። አንድ ቀን እሾህ እየለቀሙ «ይቁም። ሞልዶቹ ግን አይሸጡም» አሉኝ። አልሸጥናቸውም። መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል።

ከፋይናንስ መምጣትሽ ይጠቅምሻል። ግን የመጀመሪያውን ወር ቢሮ አትዋዪ። ሌሊት ፈረቃ ግቢ፣ ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ቡና ጠጪ። የቱ ዕቃ አቧራ እንደለበሰ የሚነግርሽ እሱ ነው።

ከመፈረምሽ በፊት ተጠሪነትሽ ለማን እንደሆነ በጽሑፍ ያዢ። ለዋና ሥራ አስፈፃሚው ካልሆነ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ሲሆን አይቻለሁ።

ደሞዙን በውስጥ አውሪኝ፤ እዚህ ሰው ፊት አይሆንም።