«ይቺ ናት ካሜራህ?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ነው የሚያጠነጥኑት፣ ደምበኛ ገና አንድ ፎቶ ሳያይ በያዝነው ካሜራና በለበስነው ልብስ ስለሚገምተን ነገር። ስለዚ የሌንስና የኤዲቲንግ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሱን፣ ዛሬ ይሄን እንጨርሰው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሰርግ ፎቶግራፈር ነኝ፣ የምሰራው በትንሽዬ ሚረርለስ (ውስጡ ብርሃን የሚያንፀባርቅ መስታወት የሌለው) ካሜራ ነው። በቅርቡ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽሪት አጎት ጠጋ አሉና ካሜራዬን አይተው «ይቺ ናት ካሜራህ?» አሉኝ፣ እዛ አካባቢ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከዛ ደሞ ከእንግዶቹ አንዱ ትልቅ ካሜራ ከነረጅም ሌንሱ አንጠልጥሎ ስለመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ወደሱ ነው የሚያየው፣ እኔ እየጠራኋቸው እሱን ያያሉ። ፎቶዎቹ አሪፍ ሆነው ነው የወጡት ሙሽሮቹም ወደውታል፣ ግን የዛን ቀን ስሜት እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ባትሪ ግሪፕ (ካሜራው ስር የሚገጠመውን የባትሪ መያዣ) እና ትልቅ ሌንስ ገዝቼ ካሜራዬን ላግዝፈው ወይስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጎትየው ክፉ ሆነው አይመስለኝም፣ ፈርተው ነው። ሰርግ አይደገምም፣ ፎቶው ደሞ የሚታየው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፣ እና እሳቸው በዛች ሰአት ይሄ ልጅ ስራውን ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለውን የሚያውቁበት ምንም ማስረጃ የላቸውም ካንተና ከያዝከው ነገር በስተቀር። ለብዙ አመታት ደሞ ባለሙያ ማለት ግዙፍ ካሜራ የያዘ ሰው ማለት ነበር፣ ሰው ሜዳ ዳር የተደረደሩትን የስፖርት ፎቶግራፈሮች በቲቪ እያየ ነው ያደገው፣ እነዛ ነጫጭ ረጃጅም ሌንሶች። (የካነን ትልልቅ ሌንሶች ነጭ የሆኑት ለማማር እንዳይመስላችሁ፣ ፀሐይ ላይ ሲውሉ እንዳይግሉ ነው፣ ሙቀት የውስጥ መስታወታቸውን ስለሚያስፋፋው።)

ዛሬ ግን መጠንና ጥራት ተለያይተዋል። 2020 ላይ የወጡ ሁለት ካሜራዎችን እይ። የካነን ዋን ዲ ኤክስ ማርክ ስሪ ባትሪውን ጨምሮ 1440 ግራም ይመዝናል፣ የሶኒ ኤ ሰቨን ሲ ደሞ 509 ግራም ነው፣ ሲሶው በለው። የሁለቱም ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ግን አንድ አይነት ፉል ፍሬም ነው፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ እንደውም በሜጋፒክስል ትንሹ 24 ሲሆን ትልቁ 20 ነው። ትልቁ በከንቱ አልከበደም፣ ውስጡ ያ ሚረርለስ የሌለው አንፀባራቂ መስታወት አለ፣ ትልቅ ባትሪ አለ፣ ለዝናብና ለአቧራ የተሰራ አካል ነው፣ በሰከንድ ብዙ ፎቶ ይተኩሳል፣ ኳስ ለሚያነሳ ሰው ይሄ ሁሉ ያስፈልገዋል። ቤተሰብ አሰልፎ ለሚያነሳ ሰው ግን ክብደቱ ፎቶው ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ይሄን ሁሉ ግን ለአጎትየው በሰርጉ ቀን ላስረዳ እንዳትል፣ ያን ቀን ማብራሪያ የሚሰማ የለም፣ መከላከል ከጀመርክ ደሞ ጭራሽ ይጠራጠሩሃል። ቦታው ሌላ ነው፣ ቀብድ ስትቀበል። ከሙሽሮቹ ጋር ስትቀመጡ ካሜራህን አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ይዩት፣ ይንኩት፣ «የምሰራው በዚህ ነው፣ ትንሽ ስለሆነ ሰው ሳይደነግጥ ቀርቤ አነሳበታለሁ» በላቸው። ሁለት ካርድ የሚወስድ ከሆነ እሱንም ከፍተህ አሳያቸው፣ እያንዳንዱ ፎቶ እዛው ሁለት ቦታ እንደሚቀመጥ፣ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው እንዳለ ንገራቸው፣ ይሄ ከየትኛውም ትልቅ ሌንስ በላይ ሰው ያረጋጋል ምክንያቱም የፈሩትን ነገር በቀጥታ ነው የሚመልሰው። ከዛ በዛው ካሜራ ያነሳኸውን ፎቶ በትልቁ አሳትመህ በእጃቸው ስጣቸው፣ በስልክ አይደለም የምልህ፣ በወረቀት። ያንን የያዘ ሰው ስለ ካሜራው መጠን መጠየቁን ይተዋል፣ ሙሽሮቹ ካመኑ ደሞ አጎትየውን ራሳቸው ናቸው የሚመልሱልህ።

ባትሪ ግሪፑን በተመለከተ፣ ካሜራውን በቁመቱ ይዘህ ብዙ ፖርትሬት (የአንድ ሰው የፊት ፎቶ) የምታነሳ ከሆነ የእጅህን አንጓ ያሳርፍልሃል ባትሪም ይጨምርልሃል፣ ለዛ ከሆነ ግዛው። ለማግዘፍ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን ፍላሽና ማቆሚያ ላይ አውለው። ምን መሰለህ፣ ፍላሹን ከካሜራው ላይ አንስተህ ጎን ላይ በማቆሚያ አቁመህ ጃንጥላ ስታለብሰው ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን እውነትም ይለወጣል፣ ከፊት ለፊት ሲመታ ጠፍጣፋ የነበረው ፊት ቅርፅ ያወጣል፣ የግድግዳው ላይ ጥላ ይለሰልሳል። ሰዉ ደሞ አንተ ጃንጥላውን ስታዞር፣ አንዴ ለሙከራ አንስተህ ስታይ፣ መልሰህ ዝቅ ስታደርገው ቆሞ ያይሃል፣ እና ማንም ሳይነገረው እዚህ ጋር ነው ዋናው ፎቶ የሚነሳው ብሎ ይሰለፋል። ካሜራህ ትንሽ መሆኗን የሚያይ ሰው አይኖርም።

ትልቅ ካሜራ የያዘው እንግዳ ነገር እውነት ያናድዳል፣ አይን ለሁለት ሲከፈል የቤተሰብ ፎቶ ይበላሻል። ቀድመህ ከሙሽሮቹ ጋር ተስማማ፣ ከዛ ሰውየውን በስርአት «ወንድሜ መጀመሪያ እኔ ልጨርስ፣ ከዛ ላንተ አቆማቸዋለሁ» በለው። አደራ ቃልህንም ጠብቅ፣ ስትጨርስ እውነትም ቦታውን ልቀቅለት። ቤተሰቡን በስም የሚያውቅ አንድ ሰውም ከጎንህ አቁም፣ እሱ ስም ይጥራ አንተ አሰልፍ። ድምፅህ ካልተሰማ ያንተን ካሜራ ማንም አያይም፣ ግዙፍም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ሴት ፎቶግራፈር ነኝ፣ ድርጅቶች ውስጥ የሰራተኞች ፖርትሬትና ስብሰባ ነው በብዛት የማነሳው። ረዳቴ ወንድ ነው፣ የሚያጋጥመኝ ነገር ሁሌም አንድ አይነት ነው፣ ገና ስንገባ ሰላም የሚሉት እሱን ነው፣ «የት ብንቆም ይሻላል?» ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው፣ እሱ ደሞ እያፈረ ወደኔ ያያል። ጓደኞቼ ቀሚስ መልበስ ትተሽ ሱሪና ጃኬት ልበሺ፣ ካልሆነ አያከብሩሽም ይሉኛል። እውነት ልብሴ ነው ችግሩ?

መልስ፦ እህቴ ችግሩ ያንቺ ልብስ አይደለም፣ ያለው የሰዎቹ ግምት ላይ ነው፣ ይሄ በደንብ ይታወቅልኝ። ግን ነገ ጠዋት ስራ አለሽና ግምታቸው እስኪስተካከል ቁጭ ብለሽ አትጠብቂም፣ ስለዚ ልትቆጣጠሪው የምትችይውን ነገር እንይ።

በር ላይ ስትደርሱ ማን ምን እንደያዘ አስበሽ ታውቂያለሽ? አብዛኛውን ጊዜ ረዳት ቦርሳውንም ትሪፖዱንም መብራቱንም ተሸክሞ ነው የሚገባው፣ ፎቶግራፈሯ ደሞ ስልኳን ይዛ። የሚያይ ሰው እቃው ያለበትን ሰው ነው ባለሙያ የሚለው፣ በዛ ላይ ወንድ ሲሆን አለቀ። ስለዚ ካሜራው ከመኪና ስትወርጂ ጀምሮ አንቺ ላይ ይሁን፣ ሌንሱ ተገጥሞ፣ ትከሻሽ ላይ ተንጠልጥሎ። አንቺ ቀድመሽ ግቢ እሱ ከኋላ ይከተል፣ ስምሽን ተናግረሽ «ፎቶውን የማነሳው እኔ ነኝ፣ እሱ መብራቱን ያግዘኛል» በይ። ከቀኑ በፊት በምትልኪው መልእክት ላይም ይሄው ይፃፍ፣ ፎቶሽም ይኑርበት። ረዳትሽ ደሞ ማፈሩን ትቶ አንድ ነገር ይለማመድ፣ ጥያቄ ሲመጣለት መልሱን ቢያውቀውም እንኳን ወደ አንቺ ዞሮ «እሷን እንጠይቃት» ይበል። ሁለት ሶስቴ እንደዛ ካለ ሰዎቹ ቀጥታ ወደ አንቺ መምጣት ይጀምራሉ።

ቀሚሱን ከወደድሽው ልበሺው፣ ግን ከቤት ሳትወጪ ፈትኚው፣ ቁጢጥ በይበት፣ ሁለት እጅሽን ከጭንቅላትሽ በላይ አንሺ፣ ወንበር ላይ ውጪ ውረጂ። ይሄን ሁሉ ሳትሸማቀቂ ካደረግሽበት የስራ ልብስ ነው፣ እየጎተትሽ የምታስተካክይው ከሆነ ግን ደምበኛው አንቺን ሳይሆን መጨነቅሽን ነው የሚያየው። ኪስም ያስፈልግሻል፣ ለባትሪና ለካርድ። ከዛ ውጪ ለቦታው የሚመጥን ይሁን፣ ሰዎቹ ሱፍ ለብሰው በሚቀመጡበት ቢሮ የተቀዳደደ ጂንስ አይመጥንም፣ ለወንዶቹም ነው የምናገረው። ጫማ ንፁህ ይሁን። ቦርሳ ደሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ዚፑ የተገነጠለ ቦርሳ ከአሮጌ ካሜራ በላይ ያስገምታል፣ ቀለሙ የተላጠ ካሜራ ብዙ የሰራ ሰው ነው ያስብላል፣ አቧራ የተኛበት ሌንስ ግን ለራሱ እቃ ያልተጠነቀቀ ለኔም ነገር አይጠነቀቅም ነው የሚያስብለው።

ጥያቄ፦ ፎቶግራፈር ጥቁር መልበስ ግዴታው ነው እንዴ? ሁሉም ጥቁር ናቸው።

መልስ፦ ግዴታ አይደለም፣ ምክንያት ግን አለው። ቀይ ሸሚዝ ለብሰህ መስኮት አጠገብ ሰው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አቁመህ አንሳ፣ ከዛ አገጩ ስርና አንገቱ ላይ ያለውን ጥላ አስተውል፣ ቀላ ብሎ ታገኘዋለህ፣ የሸሚዝህ ቀለም ነው ተንፀባርቆ የመጣው። መነፅር ያደረገ ሰው ስታነሳ ደሞ አንተው ራስህ መነፅሩ ውስጥ ትገባለህ። ጥቁርና ግራጫ እነዚህን ያስቀራሉ፣ መድረክ ጀርባ ለሚሰራም ከተመልካች አይን ይሰውሩታል። ነጭ ሸሚዝ በተቃራኒው ለቅርብ ፖርትሬት እንደ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) ያግዝሃል።

መታየት የማይፈልጉ ደሞ አሉ። ፈረንሳዊው ፎቶግራፈር አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን የላይካ ካሜራውን የሚያብረቀርቅ ብረት በጥቁር ቴፕ ሸፍኖ ነበር የሚዞረው፣ ሰው ካሜራውን ልብ እንዳይለው። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣው ፎቶግራፈር ቢል ከኒንግሃም ደሞ 2016 ላይ እስኪያርፍ ድረስ የፋሽኑን አለም ሲያነሳ የኖረው ባለኪስ ሰማያዊ የሰራተኛ ጃኬት ለብሶ በብስክሌት እየዞረ ነው፣ በአለም ላይ ያሉ ትልልቅ የልብስ ትርኢቶች ላይ። ለነሱ ስራ ደምበኛ ፊት መግዘፍ ምንም አይጠቅማቸውም ነበር።

ጥያቄ፦ ለአነስተኛ ንግዶች የምርት ፎቶ በስልክ ነው የማነሳው። አንድ ደምበኛ ስራውን ወዶት ከተስማማን በኋላ ስልክ መጠቀሜን ሲያይ «ስልክማ እኔም አለኝ» ብሎ ግማሹን ካልቀነስሽ አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ የተስማማችሁት በፎቶው ነው፣ ፎቶውንም ወዶታል፣ ስለዚ አትቀንሺ። ብራዚላዊቷ ፎቶግራፈር ሉዊዛ ዶር 2017 ላይ ለታይም መፅሔት 46 ሴቶችን አንስታለች፣ የሽፋን ፎቶዎቹን ጨምሮ በሙሉ በአይፎን፣ በተፈጥሮ ብርሃንና በሪፍሌክተር። እሱም ስልክ አለው ልክ ነው፣ ያንቺ አይንና ብርሃን ማወቅሽ ግን የለውም፣ የሚከፍለው ለዛ ነው።

ግን እንደው አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከአሁን በኋላ በስልክ እንደምትሰሪ ከመስማማታችሁ በፊት ንገሪው፣ በስራው መሃል ራሱ ሲያገኘው የተደበቀ ነገር ይመስለዋል። አንድ ትሪፖድ፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ አንድ መብራት ይኑርሽ፣ እነዚህ ለፎቶውም ያስፈልጋሉ፣ ስራውም ስራ መሆኑ ይታያል። ጨለማ ያለበት ዝግጅት ወይ ግድግዳ የሚሞላ ህትመት የሚፈልግ ደምበኛ ከመጣ ግን ካሜራ ተከራዪ፣ እዛ ጋር ትንሿ የስልክ ሴንሰር አትችልም።

ጥያቄ፦ እኔ ፎቶግራፈር አይደለሁም፣ በቅርቡ የምዳር ሰው ነኝ። በካሜራና በአለባበስ አትፍረዱ ትላላችሁ፣ እሺ በምን ልፍረድ? እኔ ስለ ፎቶ ምንም አላውቅም።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስለላክሽ እናመሰግናለን፣ ከሁሉም በላይ ደስ ያለን እሱ ነው። የተመረጡ ፎቶዎችን ብቻ አይተሽ አትወስኚ፣ ማንም ሰው ብዙ ከሰራ ጥቂት የሚያምር አያጣም። አንድ ሙሉ ሰርግ ከጠዋት እስከ ማታ አሳዩኝ በይ፣ በተለይ የማታውን፣ መብራት በሌለበት አዳራሽ ሰው ሲጨፍር የተነሳውን፣ ስራ የማያውቅ ሰው የሚጋለጠው እዛ ጋር ነው። ፊቱ ጠቁሮ ወይ ደብዝዞ ከሆነ የፈለገ ካሜራ ይያዝ አይጠቅምሽም። ከዛ ጠይቂው፣ የዛን ቀን ብትታመም ማን ይመጣል? ካሜራህ ቢበላሽ ሁለተኛ አለህ? ፎቶዎቹን ስንት ቦታ ነው የምታስቀምጠው? በደንብ የሚሰራ ሰው በነዚህ አይቆጣም፣ መልሱ አፉ ላይ ነው። ሲያወራሽ ስለ እቃው ብቻ እያወራ ስላንቺ ቀን ምንም ካልጠየቀሽ ግን ትንሽ አስቢበት። የሚያስረክብበትን ቀንና የፎቶውን ብዛት በፅሁፍ ያዢ፣ ቀብዱን ከዛ በኋላ ስጪ።