የአባትህን ባትሪ አትጣለው፣ ኮንታክቱን አጽዳው

ከደሴ የጻፈልኝ ወንድሜ ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አባቱ ገጠር ናቸው። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚወስድ አሮጌ የብረት ባትሪ አላቸው። አዲስ ድንጋይ ቢገባበትም ብርሃኑ ይደክማል፤ አንዳንዴ ደግሞ በመዳፍ ካልመቱት አይበራም። ልጅ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ገዝቶ ወሰደላቸው፤ አባት ትንሽ ሞክረውት ወደ አሮጌው ተመለሱ። በመጨረሻ ለአሮጌው የኤልኢዲ አምፖል ገዝቶ ቢያስገባበት ጭራሽ ፈዘዘ። «ይጠገናል ወይስ ልተወው?» ይላል።

ይጠገናል። ዕቃውም ብዙ አይደለም። ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት፣ ፒንሳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ይበቃሃል።

በቅድሚያ ግን በአባትህ አትፍረድ። እንደዚህ ዓይነቱን ርካሽና ጊዜ ያለፈበት ባትሪ እኔም እወደዋለሁ፣ ምክንያትም አለኝ። ያለ ካቻቢቴ በእጅ ይፈታል። ውስጡ የተደበቀ ነገር የለም፤ አምፖል፣ ማብሪያ፣ ሞላና ድንጋይ ነው፣ አለቀ። ድንጋዩ መብራት ያልገባበት መንደር ሱቅ ውስጥም አይጠፋም። ብርሃኑ ደግሞ ቢጫ ነው፣ ቀይን ቀይ አድርጎ ያሳያል። ርካሹ ነጭ ኤልኢዲ ቀይ ብርሃን ስለሚያንሰው በሌሊት በረት ገብተህ የበሬ ቁስል ስታይበት ደሙን ከጭቃው መለየት ያስቸግራል። ከብት ያረባ ሰው ይሄን በዓይኑ ያውቀዋል፣ አባትህም ምክንያቱን ባይነግሩህም አይተውት ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የኤልኢዲውን ተወውና የድሮውን አምፖል አምጣ። አንገቱን ብርሃን ላይ አዙረህ አንብብ። ጥርስ ያለው አምፖል ከሆነ ብረቱ ላይ ቁጥር ተመትቶበታል። 2.5 ቮልት 0.3 አምፒር የሚል ከሆነ የሁለት ድንጋይ ነው፣ ትክክል ነው። 3.8 ቮልት 0.3 አምፒር ካለ ግን የሦስት ድንጋይ አምፖል ነው የተገጠመበት። ይሄ በጣም ያጋጥማል። ሁለቱ አምፖሎች መልካቸው አንድ ነው፣ ጥርሳቸውም አንድ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ተደባልቀው ቢቀመጡ ሻጩም አይለያቸውም። የ3.8ቱ በሁለት ድንጋይ ይበራል፣ ግን ሊሰጥ ከሚችለው ብርሃን የሚሰጥህ ሩቡን ያህል ነው። ከዚያ ሰው ድንጋዩን ይረግማል። አምፖሉ ጥርስ የሌለው፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሁለት ድንጋዩ ፒአር 2 ይባላል፣ የሦስቱ ፒአር 3። መስታወቱንም እየው። ከውስጥ በኩል ከጠቆረ ከክሩ፣ ማለትም ግሎ ከሚያበራው ቀጭን ሽቦ፣ የተነነው ብረት ነው እዚያ የተለጠፈው፤ ብርሃኑን ይሸፍናል፣ ክሩም እየሳሳ ነው ማለት ነው፣ ቀይረው።

አምፖሉ ትክክል ከሆነ ከቀፎው ውጭ እንፈትነው። ሁለቱን ድንጋይ አንዱን በአንዱ ላይ አቁም፣ የታችኛው አፍንጫ የላይኛውን መቀመጫ ይንካ። ሽቦውን ሁለቱንም ጫፍ ላጠው። አንዱን ጫፍ ከታችኛው ድንጋይ ሥር አድርግ፣ ሌላውን የአምፖሉ አንገት ላይ ጠምጥመው፣ የአምፖሉን ጫፍ የላይኛው ድንጋይ አፍንጫ ላይ ጫን። ደምቆ ከበራ ድንጋዩም አምፖሉም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ያለው ቀፎው ውስጥ ነው። ካጫወትከኝ ነገር ተነስቼ ስገምት የአንተም ይሄ ነው። ሲመቱት የሚበራ ባትሪ ኮንታክት ያጣ፣ ማለት ብረቶቹ በደንብ የማይነካኩ ባትሪ ነው።

ትንሽ ዝገት ለምን ይህን ያህል እንደሚያደበዝዘው ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄን ካወቅክ ሁለተኛ ድንጋይ በመቀያየር ገንዘብ አታባክንም። የቤት መብራት ላይ ከ220 ቮልት ግማሽ ቮልት ቢጠፋ ማንም አያውቅም። እዚህ ግን ያለን ጠቅላላው 3 ቮልት ነው፣ ያውም ድንጋዩ ሥራ ላይ ሲሆን ወደ 2.5 ይወርዳል። አምፖሉ 0.3 አምፒር ይስባል። በየመጋጠሚያው ያለው ዝገት ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን ተደምሮ 2 ኦም ቢደርስ (ኦም የዚህ እገዳ መለኪያ ነው)፣ ግማሽ ቮልት ያህል አምፖሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የክር አምፖል ደግሞ ቮልት ሲጎድልበት አይችልም። ቮልቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ20 በመቶ አይቀንስም፣ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ክሩ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ የሚወጣው በሙቀት ይሆንና ለዓይን የሚታየው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። በአባትህ ባትሪ ላይ አዲስ ድንጋይ ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መንገዱን ተከተል። ኤሌክትሪኩ ከፊት ካለው ድንጋይ አፍንጫ ተነስቶ በአምፖሉ ጫፍ ይገባል፣ በአንገቱ ይወጣል፣ አምፖሉን በያዘው፣ ብርሃኑን ወደ ፊት በሚመልሰው ሳህን በኩል ወደ ማብሪያው ስስ የናስ ላሜራ ያልፋል፣ ከማብሪያው ወደ ቀፎው፣ ከቀፎው በጥርሱ በኩል ወደ ኋላ ክዳን፣ ከክዳኑ ወደ ሞላው፣ ከሞላው ወደ ኋለኛው ድንጋይ መቀመጫ። አየህ፣ ቀፎው ራሱ ሽቦ ነው። ሰው ዘይት ቀለም የሚቀባው ወይም ክዳኑ እንዳይላላ ጥርሱ ላይ ፕላስቲክ የሚጠመጥመው ይሄን ሳያውቅ ነው። አባትህ እንደዚያ አድርገው ከሆነ ፍቀህ አንሳው።

ጥፋቱ ከኋላ ይሁን ከፊት ያለ ቴስተርም ይለያል። የኋላ ክዳኑን ፍታ፣ ማብሪያውን አብራ፣ ኋለኛውን ድንጋይ በአውራ ጣትህ ወደ ፊት እየገፋህ ያንኑ ሽቦ አንዱን ጫፍ የድንጋዩ መቀመጫ ላይ፣ ሌላውን የቀፎው አፍ ላይ ባዶ ብረት ያለበት ቦታ አስነካ። አሁን ደምቆ ከበራ ችግሩ ክዳኑ፣ ጥርሱ ወይም ሞላው ነው። አሁንም ከደከመ ችግሩ ማብሪያው ወይም አምፖሉ ያለበት የፊት ራስ ጋ ነው። ሁለቱም ጋ ሊኖር ይችላል፣ በአሮጌ ባትሪ አይደንቅም።

ከኋላ ጀምር። የቀፎውንና የክዳኑን ጥርስ በደረቅ ብሩሽ ካራገፍክ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈትገው። 400 ወይም 600 ቁጥር ይበቃል፣ ሻካራውን አትጠቀም፣ የክሮም ቅቡን ይልጠዋል። ሞላው ድንጋዩን የሚነካበትን ጫፍ፣ እንዲሁም ክዳኑን የሚነካበትን ሥር ፈትግ። ሥሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞላው ከላላ በፒንሳ ቀስ ብለህ ሳበውና አርዝመው። ዝገት በልቶት ከሆነ መበየጃ ያለው ሰው ከሞላው ጫፍ እስከ ክዳኑ የሚተጣጠፍ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይበይድልህ። ከዚያ በኋላ ሞላው ድንጋዩን መግፋት ብቻ ይሆናል ሥራው፣ ኤሌክትሪኩ በመዳቡ ያልፋል። ይሄ ትንሽ ሥራ ነው፣ ለውጡ ግን ይታያል።

ማብሪያው ላይ ጊዜ ስጠው፣ ከሁሉም ተንኮለኛው እሱ ነው። ከላይ የሚንሸራተተው ቁልፍ ከውስጥ በኩል የናስ ላሜራውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ያ ላሜራ ሳህኑን ሲነካ ይበራል። ላሜራው አረንጓዴ ከሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን እንጨት ላይ ጠቅልለህ አስገብተህ ፈትገው። ካልነካ ትንሽ ወደ ውስጥ ቆልምመው። ችግሩ ማብሪያውን ከቀፎው ጋር የያዘው ሪቬት (ተቀጥቅጦ የታሰረ አጭር ምስማር) ሥር ከሆነ ግን ብርጭቆ ወረቀት እዚያ አይደርስም። ሲመቱት የሚበራው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው ሪቬቱን ከውስጥ በብረት ደግፎ ከላይ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ማጥበቅ ነው። እንቢ ካለ ከላሜራው እስከ ቀፎው ውስጠኛ ግድግዳ ድረስ አጭር ሽቦ ይበየዳል፣ ሽቦው ግን ማብሪያው የሚያገናኘውን ክፍተት እንዳይዘል፣ ከዘለለው መጥፋት ያቅተዋል።

ቀፎው ውስጥ ነጭ ወይም ቡናማ ቅርፊት ካገኘህ ድንጋይ ፈሶበት ነበር። ተራው ድንጋይ የሚፈሰው ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ስለሆነ ነው፤ ባትሪው በሠራ ቁጥር ዚንኩ እየተበላ ይሳሳል፣ መጨረሻ ላይ ይቀደዳል። ፈሳሹ አሲድነት ስላለው ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ እጠበው። አልካላይን የሚል የተጻፈበት ድንጋይ ከሆነ የፈሰሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ እሱን በአቼቶ ወይም በሎሚ ነው የሚያነሱት። ሁለቱን አታምታታ። ጓንት አድርግ፣ ዓይንህን ጠብቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀህ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀው። ድንጋይ ውስጥ አብጦ ከተቀረቀረ ሁለቱንም ጫፍ ከፍተህ ሙቅ ውኃ አስገባበትና ትንሽ ቆይተህ እንጨት ላይ ቀስ እያልክ አንኳኳው። በመሰርሰሪያ አትብሳው፣ ቀፎውን ታበላሸዋለህ።

የገዛኸው ኤልኢዲ ለምን ፈዘዘ? ነጭ ኤልኢዲ በደንብ ለመብራት 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። የክር አምፖል በ2 ቮልትም ቢሆን ቀላ ብሎ ይበራል፣ ኤልኢዲ ግን ከሚፈልገው ትንሽ ሲወርድ ወዲያው ይሞታል። ሁለት ድንጋይ አዲስ ሆኖ 3 ቮልት ነው፣ ትንሽ ከሠራ ያንን አያገኝም፣ በተዛገ ኮንታክትማ ጭራሽ። ኤልኢዲ የግድ ከፈለግክ ውስጡ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት ያለውን፣ ከ2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ጀምሮ እንደሚሠራ የተጻፈበትን ፈልግ። እሱ በጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙ ብርሃን ይሰጣል፣ ድንጋዩም ይበረክታል። ሁለት ነገር ግን እወቅ። አንደኛ፣ የባትሪው ሳህን የተሠራው በዙሪያው ለሚያበራ ክር ነው፤ ኤልኢዲ ወደ ፊት ብቻ ስለሚያበራ ሳህኑ የሚሰበስበው ብርሃን አያገኝም፣ ቅርቡ ይደምቃል፣ ሩቁ ይጨልማል። አባትህ በር ላይ ቆመው ማዶ ያለ ጅብ ማየት ከፈለጉ ይሄ አይስማማቸውም። ሁለተኛ፣ ሰርኪቱ ድንጋዩን እስከ መጨረሻው ስለሚመጠው የመፍሰስ ዕድሉ ይጨምራል። የእኔ ምርጫ ለዚህ ባትሪ የክር አምፖሉ ነው።

ከላፕቶፕ ባትሪ የወጣ ሊቲየም ድንጋይ ግጠምበት የሚሉህ ይኖራሉ። አታድርገው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ የ2.5 ቮልቱን አምፖል ወዲያው ያቃጥለዋል። ከዚያ የባሰው፣ ቀፎው በሙሉ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ነው፣ መከላከያ የሌለው ሊቲየም እዚያ ውስጥ ሾርት ቢያደርግ እጃቸው ላይ እሳት ይሆናል።

አባትህ የተዉትን ቻርጅ የሚደረገውንም አትጣለው፣ ቤትህ ይጠቅምሃል። ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ውስጡ 4 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ አለ። ሊድ አሲድ ባዶውን ሲቀመጥ ይሞታል፣ ስለዚህ ሞልተህ አስቀምጠው፣ ባትጠቀምበትም በየወሩ ሙላው። ብዙዎቹ ሲሞላ የሚያቋርጥ ነገር ስለሌላቸው ደግሞ ተሰክቶ ሲያድር ይደርቃል። በጣም የምለምንህ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሶኬት ላይ እያለ አታብራው፣ አትክፈተው፣ ልጅ እንዲነካውም አትፍቀድ። በርካሾቹ ውስጥ ከመስመሩ የሚለያቸው ትራንስፎርመር የለም፣ ካፓሲተር ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ውስጡ ያለው ሽቦ ሁሉ ከ220 ቮልቱ ጋር የተገናኘ ነው።

ወደ አባትህ ስትሄድ ሁለቱንም ድንጋይ አንድ ማርካና በአንድ ቀን የተገዛ አድርግ። አዲስና አሮጌ ከተቀላቀለ አሮጌው ቀድሞ ባዶ ይሆንና አዲሱ በላዩ ላይ ይገፋበታል፣ የሚፈሰውም ያው አሮጌው ነው። ብዙ ቀን የማይጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ። የ2.5 ቮልት አምፖልም ሁለት ግዛ፣ አንዱን ግጠም። የኋላ ክዳኑን ደግሞ ገልብጠህ እየው፣ በብዙ የድሮ ባትሪዎች ላይ ሞላው መሃል የመለዋወጫ አምፖል ቦታ አለ። ሁለተኛውን እዚያ አስቀምጥላቸው፣ ጫፉ ግን ሞላው ሲጫን ድንጋዩን የማይነካ መሆኑን አረጋግጥ።